አጃቢ ተዋናይ

አጃቢ ተዋናይ (በተለምዶ ኤክስትራ) በፊልም፣ በቴሌቪዥን ድራማ ወይም በመድረክ ቴአትር ውስጥ ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ኋላ ወይም አጠገብ ሆኖ ትዕይንቱን በሰው የሚሞላ ተዋናይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቃል አይናገርም፤ የሚጫወተው ሰውም ስም የለውም። በስክሪፕቱ ላይ «ገበያተኛ»፣ «ለቀስተኞች»፣ «ሁለተኛ ወታደር» ወይም «የካፌ ደንበኛ» ተብሎ ይጻፋል። አጃቢ ተዋናይ ከረዳት ተዋናይ ይለያል፤ ረዳት ተዋናይ ስም፣ ንግግርና በታሪኩ ውስጥ የራሱ ድርሻ ያለው ሲሆን አጃቢው ግን ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓለም እውነተኛ የሚያስመስል ነው። ገበያተኛ የሌለበት ገበያ ወይም ለቀስተኛ የሌለበት ለቅሶ ተመልካችን አያሳምንም። ይሁን እንጂ የእነዚህ ሰዎች ስም በፊልሙ መጨረሻ ከሚያልፈው የባለሙያዎች ዝርዝር ብዙ ጊዜ ስለሚቀር ሥራቸው ከሚታዩት ሙያዎች ሁሉ በትንሹ የተመዘገበ ነው።

ስያሜ

«አጃቢ» የሚለው ቃል «አጀበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም አንድን ሰው ከኋላና ከጎን ሆኖ በክብር መከተል ማለት ነው። «አጀብ» ንጉሥን፣ መኳንንትን፣ ታቦትን ወይም ሙሽራን ተከትሎ የሚሄደው ሕዝብ ነው። ቃሉ በሙዚቃም «አጃቢ ድምፃዊ» እና «አጃቢ ባንድ» በሚሉት አጠራሮች ይገኛል። በቀረጻ ቦታ ግን ባለሙያዎች ከእንግሊዝኛ የመጣውን «ኤክስትራ» የሚለውን ቃል አዘውትረው ይጠቀማሉ።

«ኤክስትራ» በጥሬ ትርጉሙ «ትርፍ» ወይም «ተጨማሪ» ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የተዋንያን ማኅበራት «ባክግራውንድ አክተር»፣ ማለትም የኋላ ገጽታ ተዋናይ፣ የሚለውን ስያሜ ይመርጣሉ። በፈረንሳይ «ፊጊውራን»፣ በሕንድ ደግሞ «ጁኒየር አርቲስት» ይባላሉ።

የሥራው ጠባይ

አንድ ትዕይንት ብዙውን ጊዜ የሚቀረጸው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ፣ ከዚያም ከተቃራኒው አቅጣጫ ይደገማል። አርታዒው እነዚህን ቁርጥራጮች ሲያገናኝ ከኋላ ያለው ሰው እንቅስቃሴ መግጠም አለበት። ስለዚህ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ አጃቢ ተዋናይ መሪዋ ተዋናይት አንድ የተወሰነ ቃል ስትናገር ሲኒውን ካነሳ፣ በሚቀጥሉት አሥር ድግግሞሾችም በዚያው ቃል ላይ፣ በዚያው እጅ ማንሳት ይጠበቅበታል። ይህን የሚከታተለው ባለሙያ የኮንቲኒዩቲ ተቆጣጣሪ ይባላል። አጃቢዎችን በቦታቸው የሚያሰማራውና የመነሻ ምልክት የሚሰጣቸው ደግሞ በአብዛኛው ዋናው ዳይሬክተር ሳይሆን ረዳት ዳይሬክተሩ ነው።

ከመሠረታዊ ደንቦቹ ውስጥ የሚከተሉት ይገኙበታል።

ወደ ካሜራ አለመመልከት። አንድ ሰው ካሜራውን ቢያይ ሙሉው ቀረጻ ሊደገም ይችላል።

ያለ ድምፅ መናገር። የዋናዎቹ ተዋንያን ንግግር በጥራት እንዲቀዳ ከኋላ ያሉት ሰዎች አፋቸውን እያንቀሳቀሱ የሚያወሩ ይመስላሉ እንጂ ድምፅ አያወጡም። የሰዉ ጫጫታ፣ የብርጭቆውና የእግር ኮቴው ድምፅ ለብቻው ተቀድቶ በኋላ ይገባል።

ልብስን መምረጥ። በጣም ነጭ፣ ረቂቅ መስመር ያለበት ወይም ትልቅ የንግድ ምልክት የታተመበት ልብስ ለካሜራ ያስቸግራል። ይህ ደንብ በኢትዮጵያ ሁልጊዜ ሊጠበቅ አይችልም፤ የቤተ ክርስቲያን ወይም የለቅሶ ትዕይንት በነጭ ነጠላ የተሞላ በመሆኑ የካሜራ ባለሙያው ብርሃኑን በዚያው ልክ ማስተካከል ይኖርበታል።

መጠበቅ። የሥራው ትልቁ ክፍል ጥበቃ ነው። መብራት ሲተከል፣ ካሜራ ሲዛወር፣ ዋናዎቹ ተዋንያን ሲለማመዱ አጃቢዎቹ ለሰዓታት ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

አጃቢ ተዋንያን በአንድ ደረጃ ላይ ብቻ የሚገኙ አይደሉም። ተራ የሕዝብ አካል የሚሆኑ አሉ። ፈረስ መጋለብ፣ እስክስታ መምታት ወይም በገና መደርደር የመሰለ ልዩ ችሎታ ስላላቸው የሚጠሩም አሉ። በተጨማሪም መብራትና ካሜራ እስኪስተካከል ድረስ በመሪ ተዋናዩ ቦታ የሚቆሙ፣ ቁመታቸውና መልካቸው ከእርሱ ጋር የሚቀራረብ ተተኪዎች አሉ። አንድ አጃቢ ለዋናው ገጸ ባሕርይ በቀጥታ ምላሽ እንዲሰጥ ወይም አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ከተደረገ ደረጃው ይለወጣል። በአሜሪካ የማኅበር ውል መሠረት ቃል የተሰጠው ሰው ከአጃቢነት ወደ ተናጋሪ ተዋናይነት ይሸጋገራል፤ ክፍያውም ከፍ ይላል።

ታሪክ

በዓለም

ሲኒማ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች በካሜራ ፊት አልፈዋል። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የቀረጹት አጭር ፊልም የሚያሳየው ከፋብሪካቸው የሚወጡ ሠራተኞችን ነው። ሠራተኞቹ ለካሜራው ሲሉ ከአንድ ጊዜ በላይ ከበሩ እንዲወጡ ተደርገዋል።

በሆሊዉድ ሥራ ፈላጊዎች በየስቱዲዮው በር ላይ ይሰለፉ ስለነበር አጃቢዎችን መዝግቦ የሚያሰማራ «ሴንትራል ካስቲንግ» የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1925 ተቋቋመ። በኋላም አጃቢዎቹ የራሳቸውን የሙያ ማኅበር መሠረቱ፤ ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ከዋናው የስክሪን ተዋንያን ማኅበር ጋር ተቀላቀለ።

በአንድ ትዕይንት ብዙ ሰው በማሳተፍ የሚታወቀው በሪቻርድ አተንቦሮ የተዘጋጀው «ጋንዲ» (እ.ኤ.አ. 1982) ነው። የማሃትማ ጋንዲ ቀብር ትዕይንት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1981 በኒው ዴልሂ ሲቀረጽ ከ300,000 በላይ ሰዎች እንደተገኙ ተመዝግቧል። አብዛኞቹም ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት የመጡ ነበሩ።

ቴሌቪዥን ለሥራው ሌላ መልክ ሰጠው። ፊልም በጥቂት ሳምንታት ሲያልቅ ተከታታይ ድራማ ግን ለዓመታት ይቀጥላል፤ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ወይም አንድ ሰፈር በየሳምንቱ ይታያል። ስለዚህ በቴሌቪዥን ያው ነርስ ወይም ያው ባለ ሱቅ ቃል ሳይናገር ለብዙ ክፍሎች ሊመላለስ ይችላል፤ ተመልካቹም ስሙን ሳያውቅ መልኩን ይለምደዋል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ያስተላለፈው «ኤክስትራስ» የተባለው አስቂኝ ድራማ ስለ አጃቢ ተዋንያን ኑሮ የተሠራ ነው።

በኢትዮጵያ

ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር የሚጀምረው በሰሜን ሸዋ ተወላጅ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሰያ ደብር ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው ተማሩ፤ በአውሮፓም ቴአትር የማየት ዕድል አገኙ። ሲመለሱ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ፤ ተውኔቱም በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት ታየ። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ሲሆኑ ሥራው በቤተ መንግሥቱ አስተዳደር ላይ የተሰነዘረ ትችት ሆኖ ስለተወሰደ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

ከዚያ በኋላ ቴአትርን ያቆዩት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዮፍታሔ ንጉሤና ሌሎች መምህራን ተውኔቶቻቸውን የሚያሳዩት በተማሪዎቻቸው ነበር። በዚህ ሥርዓት መሪም ሆነ አጃቢ የሚመረጠው ከአንድ ክፍል ተማሪዎች መካከል ስለነበር በመካከላቸው የሙያ ልዩነት አልነበረም።

የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ቋሚ ደመወዝ ያላቸው ከያንያን ተፈጠሩ። በእነዚህ ቤቶች አንድ ሰው ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና ተዋናይ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ መሪ ሚና የተጫወተው ነገ ጦር ይዞ ከንጉሥ ኋላ ሊቆም ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶች ወደ መድረክ ስላልመጡ የሴት ሚናዎችን ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ በኋላ በልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም «አባባ ተስፋዬ» በመባል የታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። አስናቀች ወርቁ ይህን ልማድ ከለወጡት ቀደምት ሴት ተዋንያን መካከል ትቆጠራለች።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመረ። በስቱዲዮ ውስጥ የሚቀረጽ ድራማ ቦታው ጠባብ በመሆኑ ብዙ አጃቢ አይፈልግም፤ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ያለው ሳሎን ለታሪኩ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚያስፈልገው ካሜራው ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በከፊል በኢትዮጵያ ሲቀረጽ ደበበ እሸቱ «ዋሳ» የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀርጽ የተጠቀመው በሙያው ባልሠለጠኑ ሰዎች ነው። በዚህ ፊልም መሪና አጃቢ የሚለው መለያ መስመር እምብዛም አይታይም፤ የገበሬው ቤተሰብ የዕለት ሥራ ራሱ ታሪኩ ነውና።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. «ገመና» እና «ሰው ለሰው» የመሳሰሉ ተከታታይ ድራማዎች ብዙ ተመልካች ሲያገኙ፣ የግል ጣቢያዎችም ሲጨመሩ፣ የአጃቢ ፍላጎት አደገ። የቢሮ፣ የሠርግ፣ የችሎትና የሆስፒታል ትዕይንቶች በየሳምንቱ ያስፈልጉ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ተክቶ ማሳየት ሲጀምር ከአገር ውስጥ ከያንያን ተቃውሞ ተነሳ። ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ባህልና ስለ ታዋቂ ተዋንያን ገበያ ቢሆንም በአጃቢዎች ላይ ያለው ውጤት የተለየ ነው። የተተረጎመ ድራማ ለድምፅ ተዋንያን ሥራ ይፈጥራል፤ የአደባባዩ፣ የገበያውና የሠርጉ ሰው ግን በሌላ አገር አስቀድሞ ስለተቀረጸ ለኢትዮጵያዊ አጃቢ ምንም ቦታ አይተውም።

የታሪክ ድራማ፦ የሰሜን ሸዋ ምሳሌ

አጃቢ ተዋናይ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በይበልጥ የሚታየው በታሪክ ድራማ ነው። ለምሳሌ የሸዋን ቤተ መንግሥት የሚያሳይ ድራማ ያለ አጀብ ሊሠራ አይችልም። አንኮበር ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሸዋ ገዥዎች መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ያስተዳድሩ ነበር። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት የተቀመጡት በአንኮበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ደርሶ ነበር። ከቡድኑ ጋር የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሣላቸው ሥዕሎች የዚያን ዘመን ሰው፣ አለባበስና መልክዓ ምድር ያሳያሉ። እንደነዚህ ያሉ ሥዕሎች ለአልባሳት ባለሙያ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሲሆን አንኮበር ከዚያ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት መቶ አጃቢ ከአዲስ አበባ አመላልሶ ማሳደር ትልቅ ወጪ ስለሚሆን መሪ ተዋንያንን ይዞ መጥቶ አጃቢውን ከአካባቢው መመልመል ይቀላል። ይህ አሠራር ጥቅም አለው። ያረሰ ሰው በሬ መጥመድን፣ የፈተለች ሴት እንዝርት ማሾርን ሊማሩ አያስፈልግም፤ ሠልጥኖ ከመጣ የከተማ ተዋናይ ይልቅ እጃቸው ያሳምናል። ከመንዝ የበግ ፀጉር የሚሠራው ጥቁር በርኖስም በደጋው ሰው ትከሻ ላይ ቦታውን ያውቃል። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው የቀድሞዋ የንግድ ከተማ አልዩ አምባ ደግሞ አማራ፣ አርጎባ፣ አፋርና ኦሮሞ የሚገናኙባት ገበያ ስለነበረች የገበያውን ትዕይንት በአንድ ዓይነት ልብስ መሙላት ታሪኩን ያዛባል።

የአካባቢው አሠራር ችግሮችም አሉት። ከሰዉ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ የእጅ ሰዓትና የእጅ ስልክ፣ ከግቢው ደግሞ የፕላስቲክ ጀሪካን መነሳት አለባቸው። ከበስተኋላ የሚታየው ባሕር ዛፍ ሳይቀር ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስለሆነ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ትዕይንት ላይ ሊታይ አይገባም።

የቀረጻ ጊዜውም የገበሬውን ዓመት መከተል ግድ ይለዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም ያስቸግራሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰዉ በአጨዳና በውቂያ ላይ ነው፤ በእነዚሁ የበጋ ወራት የደብረ ብርሃን ውርጭ ንጋት ላይ ቀጭን የታሪክ ልብስ ለብሶ መቆምን ከባድ ያደርገዋል። በወር በዓላት ገበሬው ከእርሻ ስለሚያርፍ ብዙ ሰው ይገኛል፤ ሆኖም በዓሉን አክብሮ ለሥራ የማይመጣም አለ። የግብር ትዕይንት በጾም ቀን ከተያዘ ጾመኛ አጃቢዎች ሥጋ ይበሉ ዘንድ ሊጠየቁ አይችሉም። የቀረጻ ፕሮግራም አውጪው ከካሜራ ኪራይ ጋር የጾም ቀኖችንም መቁጠር ይኖርበታል።

የሥራ ሕይወት

አጃቢ ተዋንያን ወደ ሥራው የሚገቡት በተለያየ መንገድ ነው። አንዳንዶቹ የቴአትር ተማሪዎች ወይም የአማተር ክበብ አባላት ሲሆኑ አጃቢነትን እንደ መግቢያ በር ያዩታል። ሌሎቹ ጡረተኞች፣ ተማሪዎች ወይም የቀን ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። በቀረጻው ዕለት በቦታው በመገኘታቸው ብቻ የሚሳተፉም አሉ። በአብዛኛው ጥሪው የሚደርሰው በአስተባባሪ በኩል ነው። አስተባባሪው የሰዎችን ፎቶግራፍ፣ ዕድሜ፣ ቁመትና ስልክ ይዞ «ነገ ጠዋት ሃያ ለቀስተኛ» ሲባል ይደውላል። ክፍያው በቀን የሚታሰብ ሲሆን ለዘመናዊ ትዕይንት ልብሱን ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ራሱ አጃቢው ነው።

የገቢው ጠባይ የማያቋርጥ አይደለም። አንድ ድራማ ሲያልቅ ወይም ቀረጻው በዝናብ ሲሰረዝ ገቢው ይቆማል። በዚህ ምክንያት አጃቢነት ለአብዛኞቹ ከሌላ ሥራ ጋር የሚያያዝ ነው። ሌላው እንቅፋት መልክ መለመዱ ነው፤ በአንድ ድራማ እንደ ሐኪም የታየ ሰው በዚያው ድራማ ሌላ ክፍል እንደ እስረኛ ቢታይ ተመልካቹ ስለሚያውቀው በብዛት መታየት ራሱ ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። ለመሪ ተዋናይ መታወቅ ሀብት ሲሆን ለአጃቢ ግን አለመታወቅ የሥራው ቅድመ ሁኔታ ነው።

ከአጃቢነት ወደ ዋና ተዋናይነት ያደጉ አሉ። ብሩስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ዘ ቨርዲክት» ፊልም ችሎት ውስጥ ከተቀመጡት ታዳሚዎች አንዱ ነበር። የሆንግ ኮንጉ ስቲቨን ቻው እ.ኤ.አ. በ1983 በተላለፈ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ስም የሌለው ወታደር ሆኖ ተጫውቷል፤ በኋላም «ኪንግ ኦቭ ኮሜዲ» (እ.ኤ.አ. 1999) የተባለውን ፊልም ስለ አንድ አጃቢ ተዋናይ ሠርቷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ምሳሌዎች የሚጠቀሱት ጥቂት ስለሆኑ ነው፤ አብዛኞቹ አጃቢዎች ሥራቸውን የሚጨርሱት በጀመሩበት ደረጃ ነው።

ሕጋዊ ሁኔታ

በኢትዮጵያ የአጃቢ ተዋናይን ጉዳይ የሚነኩ ሕጎች በተለያዩ ቦታዎች ይገኛሉ።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተዋንያን፣ ለዘፋኞች፣ ለሙዚቀኞችና ለተወዛዋዦች በክወናቸው ላይ መብት ይሰጣል፤ ጥበቃውም ለ50 ዓመት ይቆያል። በፈረንሳይ ሕግ በግልጽ እንደተጻፈው አጃቢ ተዋንያን ከዚህ ዓይነቱ መብት ውጭ የሚሆኑባቸው አገሮች አሉ። በፈረንሳይ አጃቢው ለሠራበት ቀን ደመወዝ ያገኛል እንጂ ድራማው በድጋሚ ሲታይ ወይም ሲሸጥ ድርሻ የለውም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በሌሊት እንዳይሠሩ ያደርጋል። እነዚህ ድንጋጌዎች ለአጃቢ የሚሠሩት ግንኙነቱ የቅጥር ግንኙነት ከሆነ ነው፤ ያለ ጽሑፍ ውል ለአንድ ቀን የተጠራ ሰው ይህን ለማስረዳት ይቸገራል። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ አጠቃላይ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን ስለሌለ ክፍያው የሚወሰነው በስምምነት ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ከተፈጸሙ ነገሮችና ሕዝብን ከሚመለከቱ ሥነ ሥርዓቶች ጋር ለተያያዘ ምስል ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጥምቀትን የሚቀርጽ የዜና ካሜራና ጥምቀትን ለድራማ የሚያስመስል ካሜራ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም፤ ለድራማው የተሳታፊዎቹን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ለአዘጋጁም ለአጃቢውም ዋስትና ነው።

የታወቁ አጃቢ ተዋንያን

ቤስ ፍላወርስ (እ.ኤ.አ. 1898–1984) «የሆሊዉድ አጃቢዎች ንግሥት» በመባል የምትታወቅ አሜሪካዊት ናት። ከ350 በላይ በሆኑ ረጃጅም ፊልሞች ታይታለች፤ በቴሌቪዥንም እንደ «አይ ላቭ ሉሲ» ባሉ ድራማዎች ተሳትፋለች። ብዙውን ጊዜ የምትታየው በግብዣና በቴአትር አዳራሽ ትዕይንቶች የተከበረች እንግዳ ሆና ነው። የአጃቢዎቹን የሙያ ማኅበር ካቋቋሙትም አንዷ ናት።

ሴይዞ ፉኩሞቶ (እ.ኤ.አ. 1943–2021) ጃፓናዊ ሲሆን በ15 ዓመቱ በኪዮቶ ወደሚገኘው ቶኤይ ስቱዲዮ ገባ። ሥራው በሳሙራይ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ድራማዎች በጀግናው ሰይፍ ተመትቶ መውደቅ ነበር፤ በሥራ ዘመኑ 50,000 ጊዜ ያህል እንደ «ሞተ» ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ2003 «ዘ ላስት ሳሙራይ» ላይ ከቶም ክሩዝ ኋላ የሚከተለውን ዝምተኛ ሳሙራይ ተጫወተ። የመጀመሪያውን መሪ ሚና ያገኘው ከ70 ዓመቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ኡዙማሳ ላይምላይት» ነው፤ በዚያም የተጫወተው ያረጀ የሰይፍ ድራማ አጃቢን ነበር።

ጄሲ ሃይማን (እ.ኤ.አ. 1978 ተወለደ) በአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማዎች በኮሌጅ ተማሪነትና በኮምፒውተር አዋቂነት የኋላ ገጽታ የሆነ ተዋናይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከብዙ ድራማዎችና ፊልሞች የተለቀሙ ትዕይንቶቹ በአንድ ቪዲዮ ተያይዘው በኢንተርኔት ሲለቀቁ «የዓለም ታላቁ ኤክስትራ» የሚል ስም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ መካከል በተላለፈ የጎዳዲ ማስታወቂያ ላይ ከሞዴሏ ባር ራፋኤሊ ጋር ቀረበ። ሁለቱ ምሳሌዎች፣ ፉኩሞቶና ሃይማን፣ አጃቢ የሚታወቀው አንድ ሰው የተበታተነውን ሥራውን ሰብስቦ ሲያየው መሆኑን ያሳያሉ።

ዲጂታል ሕዝብ

ኮምፒውተር የአጃቢዎችን ሥራ በሁለት መንገድ ለውጧል። የመጀመሪያው ሕዝብን ከምንም መፍጠር ነው። ለ«ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች (እ.ኤ.አ. 2001–2003) ስቲቨን ሬጀለስ «ማሲቭ» የተባለ ሶፍትዌር ሠራ። በዚህ ሶፍትዌር እያንዳንዱ ወታደር አካባቢውን «የሚያይ»ና በተሰጡት ሕጎች መሠረት ለመምታት፣ ለመሸሽ ወይም ለመውደቅ በራሱ የሚወስን አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በዚህም በሺዎች የሚቆጠሩ ተዋጊዎች አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሳይደግሙ በስክሪን ላይ ሊታዩ ቻሉ።

ሁለተኛው መንገድ የእውነተኛን ሰው ገጽታ መቅዳት ነው። አጃቢው በብዙ ካሜራዎች መካከል ቆሞ ፊቱና ሰውነቱ በሦስት አውታረ መጠን ይቀዳል፤ ከዚያ ቅጂው እርሱ በሌለበት በሌላ ትዕይንት ሊገባ ይችላል። ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ የአንድ ቀን ክፍያ የተቀበለ ሰው ገጽታው ለስንት ቀን ተሸጠ? ይህ ጉዳይ የአሜሪካ ተዋንያን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ኅዳር 2023 ለ118 ቀናት ባደረጉት የሥራ ማቆም አድማ ከዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ነበር። አድማውን ያስቆመው ስምምነት የአጃቢን ዲጂታል ቅጂ ለመጠቀም የራሱ ፈቃድ እንዲያስፈልግ አደረገ፤ አዘጋጆችም በውሉ የተወሰነውን የአጃቢ ቁጥር ከመቅጠር ለማምለጥ ቅጂውን እንዳይጠቀሙ ከለከለ።

በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከሰው አካል የሚወሰድ የመለያ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድባል። በአነስተኛ በጀት ለሚሠሩ የታሪክ ድራማዎች ሃምሳ ሰውን በኮምፒውተር አባዝቶ የአምስት ሺህ ሠራዊት ማስመሰል ጠቃሚ ነው። የተቀዳው ገጽታ ለየትኛው ሥራና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል በውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን አጃቢው ገጽታው የት እንደሚውል መቆጣጠሪያ አይኖረውም።

ስምና መዝገብ

በፊልም መረጃ ቋቶች ላይ የአጃቢዎች ሥራ ብዙ ጊዜ «ስሙ ያልተጠቀሰ» በሚል ምልክት ይገባል። ይህ እንኳ የሚሆነው አንድ ሰው መልኩን ለይቶ ሲመዘግበው ነው። ምዝገባው አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። አስተባባሪው ለክፍያ ሲል የሚያስፈርመው ዝርዝር የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ቀንና ትዕይንት ይዟል። ዝርዝሩ ከሒሳብ ሰነድ ጋር ከመጣል ይልቅ ከድራማው ጋር ቢቀመጥ፣ በየክፍሉ መጨረሻም ቢያንስ የአካባቢው ሕዝብ ስም ቢጠቀስ፣ ሦስት ጥቅም ይሰጣል። አጃቢው ልምዱን ለሚቀጥለው ቀጣሪ ማሳየት ይችላል፤ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይኖረዋል፤ የቴሌቪዥን ታሪክ የሚያጠናም ሰው በስክሪኑ ላይ ያለፉት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ያውቃል።

ደግሞ ይዩ

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም
አገር ፍቅር ቴአትር
የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር
የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን
አንኮበር
ደብረ ብርሃን